የእትዬ ካርቶን

የኮምፒውተሩ ቀስት አሁንም አመለጠችው። «አስቀምጥ» የሚለውን ሊጫን ሲል ዘላ «ሰርዝ» ላይ ጉብ አለችና ግማሽ ሰዓት የለፋበት ቅጽ ድራሹ ጠፋ። የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ማውሱን ገልብጦ ከሥሩ ያለችውን ቀይ መብራት እፍ እፍ አለባትና መልሶ የጠረጴዛው መስታወት ላይ አኖረው። ያው ናት። ትቆማለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ደግሞ ሳይታሰብ እመር ብላ ጥግ ትይዛለች።

የራሱ ኮምፒውተር ስለተበላሸ ነው ዛሬ በክፍሉ አንጋፋ ሠራተኛ በእትዬ ወንበር ላይ የተቀመጠው። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ሦስት ሳምንቱ ነው። ባዶ ያደረገውም ራሱ ነው።

የጥገና ሠራተኛዋን አስጠራት። መጥታ አንዴ ሞከረችና ሳቀች።

«ማውሱማ ደህና ነው፤ ችግሩ ጠረጴዛው ነው። ይህቺ መብራት ከሥሯ ያለውን እያየች ነው መሄዷን የምታውቀው። እንጨት ላይ፣ ወረቀት ላይ፣ ጨርቅ ላይ የምታየው አታጣም። እንዲህ ጥርት ያለ መስታወት ላይ ግን ምኑን ትየው?»

«ማንም ቢይዘው እንዲህ ነው የሚሆነው?»

«ማንም ቢይዘው። አንድ ቁራጭ ካርቶን ጣል ቢያደርጉበት እኮ ይገላገላሉ።»

ካርቶን ስትለው ክው አለ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ብቻ የሆነው ይህ የመስታወት ጠረጴዛ የገባ ሰሞን እትዬ የአሮጌ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ቆርጠው ከማውሱ ሥር አንጥፈው ነበር። «ይህቺ አይጥ ምንጣፍ ካልተነጠፈላት አትሄድም» ብለው ክፍሉን በሙሉ አሳቁት። እሱም ስቋል። ከሳቀ በኋላ ግን፣ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ኮተት አይወዱም ብሎ ካርቶኗን አንስቶ ቅርጫት ውስጥ ጣላት። በማግስቱ ሌላ አመጡ፤ እሷንም ጣላት። ሦስተኛ አላመጡም። ከዚያ በኋላ የአንዱ የልደት ቀን ለሌላው ይገባ፣ የተጻፈው ይሰረዝ ጀመር። እሱም «በዕድሜ ምክንያት እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ቢዛወሩ» ብሎ ጻፈ። ሰነፉ ከማለት ይሻላል ብሎ፣ ደግ የሠራ መስሎት ነው እንግዲህ። ሲቀጠር ፋይል በየት በኩል እንደሚከፈት እንኳ የማያውቀውን እሱን እጁን ይዘው ሥራ ያስተማሩት እኮ እኚሁ እትዬ ናቸው።

ደረጃውን ወረደ። እትዬ ግምጃ ቤቱ ውስጥ የወረቀት እሽግ ይቆጥራሉ።

«ምነው ልጄ፣ በሰላም ነው?»

«እትዬ፣ እጅዎ ምንም አልሆነም» አላቸውና የመስታወቱን ነገር አንድ በአንድ ነገራቸው።

ሰምተው ሲጨርሱ እጃቸውን ዘርግተው አዩት።

«ሐኪሙም ምንም የለብዎትም ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ያላመንኩት። አንተ ከጻፍክ መቼም ያየኸው ነገር ቢኖር ነው አልኩ።» የወረቀቱን እሽግ ገፋ አደረጉ። «ልጄ ከወለደች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። ሕፃኗን እስከዛሬ አላቀፍኳትም፣ እጥላታለሁ ብዬ። ልጄ ደግሞ፣ እናቴ ልጄን ጠላችብኝ ብላ ተቀይማኛለች።»

የቆመበትን ወለል አየ።

«ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«ካርቶኔን የት አደረስካት?»

«ጣልኳት።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም፣ እትዬ።»

ቦርሳቸውን ከመደርደሪያው አወረዱ። ይቅር ብዬሃለሁም፣ አላልኩህምም አላሉት። «በወረቀት ያልከውን በወረቀት መልሰው» ብቻ አሉ። «ለአለቃዬ አንተ ንገርልኝ፤ እኔ ልጄ ዘንድ ሄጃለሁ።»

ለአለቃቸው ነገረላቸውና ወደ ላይ ተመለሰ። ከአሮጌ ፋይል ሽፋን ቁራጭ ቀድዶ ከማውሱ ሥር ሲያነጥፍ ያቺ አመለኛ ቀስት በወሰዳት የምትሄድ ሆነች። ይህቺን ለማድረግ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ያናደደውም ይኸው ነው።

መጻፍ ጀመረ። «በጠረጴዛው ምክንያት ስህተት መፈጠሩ ስለታወቀ፣ ሠራተኛዋ ወደ ቀድሞ ሥራቸው እንዲመለሱ...»

እጁን ገታ። እዚህ መሥሪያ ቤት ስህተት ሁልጊዜ ይፈጠራል፤ የሚሠራው ሰው ግን የለም። እሱም ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነው የጻፈው። ደብዳቤው እንዲሁ ቢወጣ እትዬ ይመለሳሉ፣ ጥፋቱ የመስታወቱ ይሆናል፣ እሱን ቀና ብሎ የሚያየው አይኖርም። ካርቶኗን ማን እንደጣላት የሚያውቁት እሱና እትዬ ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ አያውቁም።

የጻፈውን አጠፋውና እንደገና ጀመረ።

«ተሳስቻለሁ። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። ሥራው እንዲቃናላቸው ያነጠፉትን ካርቶን ሁለት ጊዜ አንስቼ የጣልኩት እኔ ነኝ።»

አንድ ጊዜ አነበበው። ከዚያ ቀስቷን ወስዶ «አትም» የሚለውን ተጫነ።