ከጉም የተቀዳ ውሃ

የብርጓል ጀሪካኑን ወደ መለኪያው ስትገለብጥ ከውሃው ጋር ቀላ ያለ ደለል ወረደ። እጇ ቀጥ አለ። ጉም ደለል ከየት ያመጣል?

ከጣና ዳር ኮረብታ አናት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጀርባ፣ በሁለት ቋሚ እንጨት መካከል የተወጠረው መረብ ገና ይንጠባጠባል። ጉሙ በመረቡ ሲያልፍ ጠብታው በአሸንዳ ወርዶ ጀሪካኑ ውስጥ ይጠራቀማል። የብርጓል ለመመረቂያ ጥናቷ ከመስቀል ወዲህ በየቅዳሜው ከባሕር ዳር እየመጣች ትለካዋለች። እስካሁን የተገኘው ቁጥር የሚያኮራ ነበር፤ ዛሬ ከቀትር በፊት ለረጂው ድርጅት ከደረሰ ሠላሳ ትልልቅ መረቦች ለመንደሩ ይተከላሉ።

ጀሪካኑን የሚጠብቁላትን መሪጌታ ፍቅረ ማርያምን ጠራቻቸው።

"የኔታ፣ እዚህ ውስጥ ሌላ ውሃ የጨመረ ሰው አለ?"

"እኔ ነኛ!" አሉ ፊታቸው በርቶ። "ለሕመምተኛ እየቀዳሁ ሰጥቻለሁ። የሰው እጅ ያልነካው የሰማይ ውሃ አይደል? ያንቺን ግን አላጎደልሁም። አንድ ጣሳ ስወስድ ሁለት ጣሳ ከሐይቁ አስቀድቼ መልሻለሁ። የተዋሱትን ልክ በልክ መመለስ ነውር ነው፣ ልጄ።"

የብርጓል ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። አንድ ስኒ ጨው የተዋሰች ጎረቤት አናቱን ከምራ እንደምትመልስ ከማንም በላይ እሷ ታውቃለች፤ ዱርቤቴ የሚኖሩት እናቷ እንዲያ ነው ያሳደጓት። ልትቆጣቸው ፈልጋ አልቻለችም። የተናደደችው በራሷ ነበር፤ ስለ ጉም ስንት ነገር ስታስረዳቸው ይህችን አንዲት ነገር፣ ከጀሪካኑ እንዳይቀነስም እንዳይጨመርበትም፣ ሳትነግራቸው ቀረች።

"ስንት ጊዜ ይሆናል፣ የኔታ?"

"ኧረ ማን ቆጥሮት!"

ስልኳ ጠራ። የጥናቷ አማካሪ ዶክተር አምሐ ናቸው፤ የመጨረሻውን ቁጥር ይጠብቃሉ። የሆነውን ነገረቻቸው።

"በቃ እንዳለ ላኪው" አሉ። "መረቡ ይተከልላቸው እንጂ፣ ማን ያውቃል?"

በዚህ መካከል የስምንት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው የመንደሩ ሴት አገርነሽ ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዛ በቅጥሩ በኩል ብቅ አለች። ከሐይቁ ውሃ ተሸክሞ ዳገቱን መውጣት አንድ ሰዓት ይፈጃል።

"እንዴት ነው፣ መረቡ ከልጄ ይቀድማል?" አለቻት እየሳቀች።

የብርጓል ስልኩን ከጆሮዋ አላነሣችም።

"ዶክተር፣ ሠላሳው መረብ ተተክሎ ከሥሩ የሚቀመጠው በርሜል ባዶ ቢያድር ምን እንላቸዋለን? አልልክም። እንደገና ከዜሮ እጀምራለሁ። ጀሪካኑን ሳልቆልፍ የቀረሁት እኔ መሆኔን ለድርጅቱ ይንገሩልኝ።"

"ድርጅቱ እንደማይጠብቅሽ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

መሪጌታ ፊታቸው ጠቆረ። "አጠፋሁ እንዴ፣ ልጄ?"

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔታ። ሳልነግርዎ ቀረሁ።"

አገርነሽ ሳቋ ጠፋ። "እንግዲያ አይመጣም በይኛ!"

"ከልጅሽ በፊት አይደርስም" አለች የብርጓል። "በኋላም መምጣቱን እንጃ።"

አገርነሽ ፊቷን አዙራ ቁልቁለቱን ተያያዘችው። የብርጓል ስልኳንና ደብተሯን መሪጌታ እጅ ላይ ትታ ተከተለቻት። አጋማሽ ላይ ደረሰችባት፤ ሁለቱንም ጀሪካኖች ከእጇ ተቀብላት ወደ ሐይቁ ወረደች።