ያልተገለበጠችው ቆርቆሮ

ጡረታ ክፉ ነገር ነው፤ ሰው ሥራ ሲያጣ የሌላውን ስህተት ይለቅማል። እኔ ያለሁበት ቡድን በእንዲህ ያሉ ሰዎች የተሞላ ነው። በስልካችን ተሰባስበን የድሮ የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድሮችን እናያለን። አንዱ የመድረኩ መጋረጃ በግራ በኩል በሌላ ጨርቅ እንደተጣፈ ያገኛል፤ ሌላዋ የአበባ ማስቀመጫው በየሳምንቱ ቦታ እንደሚቀይር ትጽፋለች። በአቅራቢው ክራባት ብቻ ሦስት ቀን ተከራክረናል። የትኛው ተወዳዳሪ እንደገመተ፣ የትኛው መልሱን እያወቀ እንደተንተባተበ ከእኛ አይደበቅም። ሥራ ፈት ማለት እኛ ነን።

እኔ ግን አንድ ነገር ደብቄያቸዋለሁ። በዚያ መድረክ ላይ ከነጥብ ሰሌዳው ጀርባ ቆሜ ቁጥር የምገለብጠው እኔ ነበርኩ። ቁጥሮቹ የተጻፉት በቆርቆሮ ላይ ነው፤ ተወዳዳሪው በትክክል ሲመልስ ደወል ይጮኻል፤ በጮኸ ቁጥር አንዷን ትገለብጣለህ። ከጀርባ ሆነህ ምንም አይታይህም፣ ያለህ ጆሮህ ብቻ ነው።

ባለፈው ሰኞ ከሁላችንም ዓይነ ፈጣኑ ፋርማሲስት አንድ ቪዲዮ ለጠፈ። እኛ ስንቀልድባት የኖርነው “ፈዛዛዋ መምህርት” ናት፤ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ከተፎካካሪዋ ጋር ስድስት ለስድስት እኩል ናችሁ ተብላ ለመለያው ጥያቄ ስትጠራ፣ ዓይኗን ከሰሌዳው መንቀል ያቅታታል። ጣቷን ወደ ሰሌዳው ታነሳና መልሳ ታወርዳለች። ጥያቄውን የሰማችውም አትመስል፤ ተሸነፈች። ፋርማሲስቱ “እስቲ ደወሎቹን ቁጠሩላት” አለን። ቆጠርን። ሰባት ናቸው።

ከሥሩ ደግሞ ከሰሌዳው ጠርዝ ብቅ ያለ፣ በፋሻ የተጠቀለለ ጣት አጉልቶ አሳየን። የማን ይሆን እያሉ ሲስቁ ዋሉ። ቆርቆሮ የቆረጠው የኔ ጣት ነው።

ያን ቀን ከመብራት ሠራተኛው ጋር እየተሳሳቅን ነበር። ውድድሩ እንዳለቀ እሱ ራሱ ጠጋ ብሎ አንድ ደወል እንደበላሁ በጆሮዬ ነገረኝ። አቅራቢው ገና መድረኩ ላይ ቆሟል፤ ቢበዛ አሥር እርምጃ ነው። አልሄድኩም። ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር፣ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ነገ እናገራለሁ ስል ሠላሳ አንድ ዓመት አለፈ።

ከቪዲዮው ሥር አንዲት የቀድሞ ተማሪዋ ጽፋ ስለነበር የመምህርቷን አድራሻ ከእሷ ተቀብዬ በማግስቱ ረፋድ ላይ ሄድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ነው። በሩን የከፈቱልኝ ጥቁር የለበሱ አሮጊት ናቸው፤ መምህርቷ ራሳቸው። ከበስተኋላቸው የታጠፈ ተሽከርካሪ ወንበር ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። መግቢያው ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቁጭ ብዬ የምናገርበት ወኔ አልነበረኝም።

“ሰባት ነበር?” አሉኝ።

“ሰባት ነበር።”

ገብቼ እንድቀመጥ አደረጉኝና እሳቸውም ተቀመጡ። ባለቤታቸው የዚያን ዕለት ከተመልካቾች መሃል ነበሩ። ወደ ቤት ሲመለሱ እሳቸው ሰባት መልሻለሁ ሲሉ፣ ባልየው መሸነፍ አይሆንልሽም ብለው ሳቁባቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም አሉኝ። ነገር ግን ቁልፍ በጠፋ፣ ድስት ባረረ ቁጥር፣ ሚስትየው እኔ አይደለሁም ካሉ “ይሄም እንደ ሰባቱ ነው” ይሏቸው ነበር። እሳቸው ግን ሰባት ነው ከማለት አንድ ቀን እንኳ ሸብረክ አላሉም።

“ባለፈው ወር” አሉ፣ “ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ‘አሁን እንኳ እመኚልኝ፣ ስድስት ነበር’ አለኝ። እንዲያርፍ ብዬ፣ ልክ ነህ፣ ስድስት ነበር አልኩት። እጄን ሳመኝ።”

ይቅርታ ልጠይቅ መጥቼ ዓይኔን ወደ ተሽከርካሪ ወንበሩ መለስኩ።

“ከዚያ ወዲህ እኔም አምኜው ነበር” አሉ። “በባዶ ግትርነት ዕድሜውን ሙሉ ያደረቅሁት እኔ ነኝ እያልኩ፣ ይቅር በለኝ እያልኩት ነው የማለቅሰው። አሁን ደግሞ በሱ ልናደድ? ሞቷል እኮ።”

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እሳቸው ግን አልተቆጡኝም፤ ምናልባት ተማሪ ሲያጠፋ እንዲህ ነበር የሚጠይቁት፣ ቀስ ብለው።

“ሥራዎን እንዳያጡ ነው ዝም ያሉት?”

“አዎ።”

“ታዲያ ስንት ዓመት ሠሩበት?”

ሃያ ዓመት ብዬ ልዋሻቸው ፈለግሁ። ዝምታዬ ቢያንስ ለአንድ ነገር ጠቅሞ ነበር እንዲሉ።

“አራት ወር” አልኳቸው። “ከዚያ ፕሮግራሙ ተዘጋ።”