የሚተነፍስ ክዳን

ሃዋኒ አሮጌውን የቤንዚን ክዳን ከቦርሳዋ አውጥታ ባንኮኒው ላይ ስታስቀምጠው የኦቦ ቦጂያ ፊት ወዲያው ተለወጠ።

«ይሄ... ቀዳዳ...» አለች።

«ቀዳዳ?» ኦቦ ቦጂያ ክዳኑን አንስተው እያገላበጡ አዩት። አምቦ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሲሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው። «ስሚኝ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቀዳዳ ክዳን ሸጬ አላውቅም። ይሄ ዕቃ ከዚህ ሱቅ አልወጣም። ለሸጠልሽ ሰው መልሺ።»

«ኧረ ልመልስ አይደለም የመጣሁት። ቀዳዳ ያለው ልገዛ ነው።»

ሰውየው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ቀዳዳ ያለው ክዳን! ሰው ክዳን የሚገዛው እንዳይፈስበት፣ ሌባ እንዳይቀዳበት ነው። ቤንዚን እንዲህ በጠፋበት ጊዜ ቁልፍ ያለው ልስጥሽ እንጂ!»

ሃዋኒ ፊዚክስ አስተማሪ ናት። ጠመኔ ከያዘች አንደበቷ ይፈታል፤ ገበያ መሀል ግን ዋጋ መጠየቅ እንኳ ያፍናታል። ዓይኗን ወለሉ ላይ ጥላ፣ «አየር እንዲገባበት ነው» አለች። «ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ሲወርድ በቦታው አየር ካልተተካ፣ ሰልባትዮው፣ የቤንዚን ጋኑ ማለት ነው፣ የቀረውን ቤንዚን ሳብ አድርጎ ይይዘዋል። ሞተሩ ይጠፋል።»

«ምን ዓይነት መኪና ቢሆን ነው?»

«መኪና አይደለም። የወንድሜ ነው... የቶኩማ።»

ኦቦ ቦጂያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ያ አውሮፕላን የሚሠራው ልጅ? ያ ዋቃ ኮ፣ አምላኬ! ሰማይ ላይ ቢጠፋበት ማን ወርዶ ይገፋለታል?»

ሃዋኒ አልሳቀችም። ልኩ የሆነውን ክዳን መርጣ ከፈለችና ወጣች። ቀዳዳውን ራሳቸው ይበሱታል።

ቶኩማ ታላቅ ወንድሟ ነው። ቀን ጋራዡ ውስጥ የሰው ሚኒባስ ይጠግናል፤ ከእንጀራ ፍለጋ የተረፈችውን ጊዜ በጋራዡ ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ይሠራባታል። ሞተሯ ከተጋጨ አሮጌ መኪና የተነቀለ ነው። ክንፏ አሉሚኒየምና ሸራ፣ ወንበሯ የባጃጅ ወንበር። ግማሹን ከኢንተርኔት ተማረ፤ ግማሹን ጣቱን እየቆረጠ።

የክዳኑ ጣጣ የመጣው ሞተሩን መሬት ላይ ሲሞክሩ ነው። የድሮው ክዳን ጎሚኒ፣ ከሥሩ ያለው የላስቲክ ማሸጊያ፣ በቤንዚን ብዛት አብጦ ተቆራርጦ ስለነበር፣ ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ቤንዚኑ ይረጭ ጀመር። ቶኩማ ከሚጠግነው ሚኒባስ ደህና ክዳን ተውሶ ገጠመበት። ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ተንተፋተፈና ጠፋ። ካርቡራቶሬውን ፈቱ፤ ንጹሕ ነው። ካንዴላውን አወጡ፤ ደህና ነው። ግራ ሲገባት ሃዋኒ ክዳኑን ላላ አደረገችው። ሰልባትዮው ውኃ ውስጥ ጠልቆ እንደወጣ ዋናተኛ ረጅም ትንፋሽ ሳበ፤ ሞተሩም በመጀመሪያው ማስነሻ ተነሣ። ያን ጊዜ ነው የድሮውን ክዳን መልሰው አይተው መሀሉ ላይ ያለችውን የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ ልብ ያሏት።

«ከዛሬ ጀምሮ ክንፉም ጭራውም የኔ፣ ቤንዚኑ ያንቺ» አላት ቶኩማ። በር ቆልፋ ከሄደች በኋላ መቆለፏን ለማየት የምትመለስ ልጅ መሆኗን ያውቃል። አዲሱን ክዳን በቀጭን መሰርሰሪያ በሱት፤ ሃዋኒ ፍቅፋቂውን አጽድታ፣ አዲስ ጎሚኒ በልኩ ቆርጣ ከሥሩ አስገባችለት።

በጥር አንድ ቅዳሜ ጠዋት የአውሮፕላኗን ክንፍ ፈትተው በአይሱዙ ጫኑና ጊንጪ ወሰዷት። የተወለዱት እዚያ ነው። እናታቸው አዴ አሰፋሽም አሁን ድረስ እዚያው ናት፤ አባታቸው ከሞተ በኋላ በመንገዱ ዳር ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ እየቸረቸረች ነው ያስተማረቻቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጤፍ ታጭዶ የተነሣበት ሜዳ እንደ መዳፍ ተዘርግቷል። የቀበሌው ሰዎች ፈቃድ የሰጡት ለማንደርደር ብቻ ነው።

«ማልልኝ» አለችው ሃዋኒ፣ ክንፉን ሲያስር ከጎኑ ቆማ። «ጎማው ከመሬት አይለቅም።»

«ሞተሩን ለማየት ነው እኮ፣ ሃዋኒ።»

«ማል አልኩህ።»

«እናቴ ትሙት፣ አልነሣም!»

«የትኛዋን እናትህን ነው የምትገድለው?» አለች አዴ አሰፋሽ ከኋላቸው። «በሌላ ማል፤ እኔ ገና ሥራ አለብኝ።»

ሦስቱም ሳቁ። ሰው ከየአቅጣጫው ይመጣል። ወደ አምቦ የሚሄዱ ሚኒባሶች እንኳ ዳር ይዘው ቆመዋል። «ክንፍማ ዶሮም አላት!» ብሎ አንዱ ከመንገዱ ላይ ጮኸ። ወንበሩን ያዋጣው ባጃጅ ነጂ፣ የቶኩማ አብሮ አደግ ገመቺስ፣ «ተዉት፣ ወንበሬ ከኔ ቀድማ መንግሥተ ሰማያት ልትገባ ነው» እያለ ሕዝቡን ያስቃል።

ሃዋኒ ክዳኑን ከፈተች። ሰልባትዮው እስከ አፉ ሞልቷል። ጎሚኒውን በጨርቅ ጠረገች፤ ክዳኑን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በቀዳዳው ነፋችና ትንፋሿ በወዲያ በኩል ጣቷን ሲነካት ተሰማት። መልሳ ገጠመችው። ከዚያ ከገመቺስ ጋር የሜዳውን ድንጋይ ለመልቀም ሄደች። ሰው እንዳይነካካት አውሮፕላኗ አጠገብ እናታቸውን በርጩማ ላይ አስቀመጡ። ከእናት የተሻለ ጠባቂ ከየት ይመጣል?

ሲመለሱ ቶኩማ የሞተር ቢስክሌት ቆቡን አጥልቆ አውሮፕላኗ ላይ ተቀምጧል።

«ቤንዚኑን አየሽልኝ?»

«አይቼዋለሁ» አለች። እውነቷን ነበር።

ሞተሩ ተነሣ፤ አቧራው የሰውን ሁሉ ዓይን አስጨፈነ። ቶኩማ ሜዳውን እስከ ዳር በዝግታ ሄደ፤ ዞረ፤ ፊቱን ወደ ነፋሱ አድርጎ ቆመ። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለ። ሃዋኒ ጎማዎቹን ብቻ ነው የምታየው። ሲንከባለሉ፣ ሲዘሉ፣ እንደገና ሲነኩ አየቻቸው፤ ቀጥሎ በጎማውና በመሬቱ መሀል ብርሃን ገባ።

«ዋሸኝ» አለች።

የሰማት የለም። ሜዳው በጩኸት ተናውጧል። አውሮፕላኗ ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ በላይ ወጥታ ወደ ግራ ዘመም አለች። ገመቺስ ቆቡን ወደ ላይ ወርውሮ አልቀለበውም። አዴ አሰፋሽ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ በኦሮምኛ ትመርቃለች። ሃዋኒ ራሷ፣ ቁጣዋ ከየት እንደሄደ ሳታውቀው፣ አፏን ከፍታ ትስቅ ነበር።

ድምፁ ተንተፋተፈ። አንድ ጊዜ ተመለሰ። ከዚያ ጠፋ።

ሕዝቡ ያንን ዝምታ የድል ምልክት አድርጎ ወሰደው። ሊወርድ ሲል ያጠፋው መሰላቸውና ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሃዋኒ ያንን መንተፋተፍ ታውቀዋለች። ጋራዡ ውስጥ ሰምታዋለች። በዚያ ሁሉ እልልታ መሀል፣ ነፋሱ በሸራው ላይ ሲያፏጭ ብቻ ይሰማታል። አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ደፍታ ከባሕር ዛፎቹ ኋላ ገባች። የሆነ ነገር ተሰበረ፤ ድምፁ ደረቅ ግንድ ሲፈለጥ እንደሚሰማው ነበር።

እልልታው ከመሀል ተቆረጠ።

ሃዋኒ ስትሮጥ ጫማዋ መቼ እንደወለቀ አላወቀችም። ከዛፎቹ ወዲያ አውሮፕላኗ ፍሳሽ መሄጃ ቦይ ውስጥ አፍንጫዋን ተክላ፣ ጭራዋ ወደ ላይ ቆሟል። አንዱ ክንፍ ታጥፏል። ቀድመው የደረሱ ገበሬዎች ቀበቶውን በማጭድ ቆርጠው ቶኩማን አውጥተውታል። ጉንጩ ደም ነው። ቀኝ እግሩ እግር በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። ዓይኑ ግን ክፍት ነው፤ ያያታል።

«ቤንዚን...» አለ። «ቤንዚን አልመጣም፣ ሃዋኒ።»

«ሙሉ ነው እኮ» አለች። «ሙሉ ነው!»

 ቤንዚኑ የእሷ ነው። ያየችው እሷ፣ የዘጋችው እሷ፣ «አይቼዋለሁ» ያለችው እሷ። ጎሚኒውን አጣማ አስገብታ ይሆን? ቀዳዳው ውስጥ አቧራ ገብቶ ይሆን? ወደ አውሮፕላኗ ተመልሳ ክዳኑን ያዘች። አልዞር አላት። በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ጥርሷን ነክሳ ጠመዘዘችው። ሰልባትዮው ያንን ረጅም ትንፋሽ ሳበ።

ክዳኑ እጇ ላይ ቀረ። ከሥሩ፣ የሰልባትዮው አፍ ላይ፣ ጥቁር ፌስታል ተነጥፏል። በጥርስ የተቀደደ፣ በልኩ የተጣጠፈ ቁራጭ። መሀሉ ወደ ውስጥ ተስቦ ሰርጉዷል።

ማን እንዳደረገው ለማወቅ ማሰብ አላስፈለጋትም። በልጅነቷ በየጠዋቱ ስታየው ያደገችው ነገር ነው። እናቷ ሃይላንዶቹን ሞልታ ከመክደኗ በፊት ፌስታል በጥርሷ ትቀድና በእያንዳንዱ አፍ ላይ ታነጥፋለች፤ ቤንዚን ተንኖ እንዳያልቅባት። የጊንጪ ቸርቻሪ ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል።

 አዴ አሰፋሽ ነጠላዋ ከአንገቷ ወድቆ፣ እያለከለከች፣ ከኋላዋ ደርሳ ነበር። ፌስታሉን አየችው። የልጇን ፊት አየች።

«ተቀዶ ነበር እኮ» አለች በለሆሳስ። «ክዳኑ ተቀዶ ነበር። ቤንዚኑ ይሸታል። ሲተን ዝም ብዬ ልይ?... ያኔውኑ ልነግርሽ ነበር፤ ድንጋይ ትለቅሚያለሽ ብዬ ተውኩት።» ከዚያ ዓይኗ የቶኩማ እግር ላይ አረፈ። «ምን አደረግሁ? ሃዋኒ፣ ምን አደረግሁ?»

 ሃዋኒ ልትል የምትችለው ሁሉ ፊዚክስ ነበር። ቀዳዳው ምክንያት እንዳለው ለእናታቸው የነገራት አልነበረም፤ ቤንዚን ስትሸጥ ለኖረች ሴት ስለ ቤንዚን መንገር ለሁለቱም አልታሰባቸውም።

አዴ አሰፋሽ ግን መልሱን ከሰዎቹ ፊት አገኘችው። በጉልበቷ ወድቃ ደረቷን መምታት ጀመረች። «እኔ ነኝ! ስሙኝ፣ እኔ ነኝ! ልጄን በእጄ ገደልኩት!»

ሕዝቡ ተጠጋ። አንዳንዱ ያልገባው ነው፤ የገባው ደግሞ አንገቱን ይደፋል። ቀልዱ ሁሉ ያለቀበት ገመቺስ አንዴ ክዳኑን፣ አንዴ አሮጊቷን ያያል።

«ሃርሜ» ሲል ቶኩማ ከመሬቱ እናቱን ጠራ። ድምፁ ቀጭን ነው። «ሃርሜ፣ አልሞትኩም። ጩኸቱን ተዪው፣ ራሴን አመመኝ።»

«በእጄ...»

«እኔ ነኝ የተነሣሁት። ማን ተነሣ አለኝ? መሬት ላይ ብትጠፋ ወርጄ እገፋት ነበር።» ሊስቅ ሞከረና ሕመሙ ፊቱን ጨመደደው። «ደግሞ እዪ፣ እንዲህ ተደፍታ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ሞተሩ ላይ ቢፈስ ኖሮ ተቃጥዬ ነበር። አይደለም እንዴ ሃዋኒ?»

ሁሉም ወደ ሃዋኒ ዞሩ። የመርፌ ዓይን በምታህል ቀዳዳ ስንት ይፈሳል? ምናልባት ጥቂት ጠብታ። ምናልባት ምንም። ሞተሩም ባይጠፋ ቦዩ ውስጥ ባልወደቀ። እናቷ ከመሬቱ ቀና ብላ ታያታለች፤ ሕፃን ልጅ የሐኪም አፍ እንደሚያይ።

«ነው» አለች ሃዋኒ። በዚያች ሰዓት ክፍል ውስጥ ብትሆን ለዚህ መልስ ዜሮ ትሰጥ ነበር። «ነው። ይቃጠል ነበር።»

አዴ አሰፋሽ አላመነቻትም። ደረቷን መምታቱን ግን ተወች። እየዳኸች ሄዳ የልጇን ራስ አቀፈች።

ገመቺስ ባጃጁን በእርሻው መሀል እየነዳ አመጣ። ቶኩማን ከኋላ አጋደሙት፤ እናቱ ራሱን ጭኗ ላይ ይዛ ገባች፤ ሃዋኒ ባዶ እግሯን ከሹፌሩ ጎን ተሰቀለች። አስፋልቱ ላይ ከቆሙት ሚኒባሶች አንዱ ተሳፋሪውን አውርዶ ተቀበላቸውና አምቦ ሆስፒታል አደረሳቸው። በዚያው ቀን እግሩ ውስጥ ብረት ገባለት። ነርሷ ሃዋኒን፣ «እጅሽ ቤንዚን ይሸታል፣ ታጠቢና ግቢ» አለቻት። ሃዋኒ እስከዚያ ድረስ ጨብጣ የያዘችውን ፌስታል ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥላ፣ እጇን ታጥባ ገባች።