የአያት ወረቀት

ጋሽ ዳልጮ አያታቸው ባላባቱን የከሰሱበትን፣ በጣት አሻራ የፈረሙበትን አቤቱታ ከዶርዜ ይዘውልን መጡ። የመመረቂያ ፊልማችን ታሪክ የተነሳው ከዚያ ወረቀት ነው። ባላባቱ አቤቱታውን ሲያቃጥል የሚያሳየውን ትዕይንት ግን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ተመልካች ያለቅሳል ብዬ። እንባ አምሮኝ!

ለቃጠሎው ሄራን ቅጂ ሠራች። ሻይ ውስጥ ነክራ አሮጌ አስመሰለችው፤ አሻራውን ሳይቀር በቀለም አተመችበት። ከዋናው አይለይም ነበር።

ካሌብ ባላባቱን ሆኖ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ጣለው። አጨበጨብን።

ዕቃ ስንሰበስብ ፋይሉ ውስጥ የቀረውን ወረቀት አወጣሁና አሸተትኩት። ሻይ ሻይ ይሸታል።

ጋሽ ዳልጮ ከካሜራው ኋላ ተቀምጠው ሲያዩ ነበር። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱና ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ጨረሳችሁ አይደል? በሉ፣ የአያቴን ስጡኝ።»