እኔ የሌለሁበት ሥዕል

ግድግዳው ላይ ሁሉም አለ። እናት አለች፣ አባት አለ፣ አስተማሪ አለች፣ ፖሊስ አለ፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሐኪም ሳይቀር ጥርሱን ገልጦ ቆሟል። አያት የለችም። ልጁን ማን ያጥበዋል፣ ማን ያበላዋል፣ ትኩሳት ሲይዘው ግንባሩን ስትዳብስ የምታድረው ማን ናት ብሎ የጠየቀ የለም። ትምህርት ቤቱ ያን ሥዕል ሲሰቅል ወላጆችን ሰብስቦ አስረድቷል። እኔ ልሂድ ብል ልጄ፣ «እማዬ፣ የሚነበብ ነገር ይኖራል፤ ይቅርብሽ» አለችኝ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ዓይኔ አልጠፋ።

ያስረዳችኝ የልጅ ልጄ ናት። ፌንጣ እላታለሁ፤ አንድ ቦታ ረግታ አታውቅም። ከትምህርት ቤት ልወስዳት ስሄድ ኮሪደሩ ላይ ጎትታ አቆመችኝ። ወረቀቱ ላይ አንዲት ልጅ መዳፏን ወደ ፊት ዘርግታለች።

«ይቺ ምን ሆና ነው?»

«እምቢ እያለች ነዋ። ሰውነቴ የእኔ ነው ማለት ነው። የውስጥ ልብስ የሚሸፍነውን ማንም አይነካም። ሌላም ቦታ ቢሆን ካልወደድኩት እምቢ እላለሁ። ከዚያ ጥዬ እሄዳለሁ። ከዚያ ለማምነው ትልቅ ሰው እናገራለሁ። ስለ መነካካት ምስጢር አይያዝም።» እንደ ውሃ ጠጥታዋለች።

«ብታመሚስ? ሐኪም ቢያይሽ?»

«እማዬ አጠገቤ ሆና።»

«እኔ ስስምሽስ?»

አሰበች። «ከጠየቅሽኝ እሺ።»

በዚህ ዕድሜዬ ለመሳም ፈቃድ። ንድድ አለኝ፤ ግን ጠየቅኋት። ጉንጯን ሰጠችኝ።

ልጄ ፋብሪካ ልብስ ትሰፋለች፤ ወደ ቤት የምትመለሰው መሽቶ ነው። ሒሳብ ለፌንጣ አልገባ ሲላት ቤት እየመጣ የሚያስጠና አስጠኚ ቀጠረችላት። እዚያው ትምህርት ቤት ከፍ ያሉትን ክፍሎች የሚያስተምር፣ ጫማው የተወለወለ፣ ድምፁ እንደ ቅባት የሚለሰልስ ሰው ነው። ገና ሳይቀመጥ፣ «እማማ፣ ሐሳቧ እንዳይበተን በሩን ልዝጋው» ይለኛል። እሱ ሲዘጋ እኔ ስከፍት፣ እሱ ሲዘጋ እኔ ስከፍት ሰነበትን። መጨረሻ ላይ ለልጄ ከሰሰኝ።

«እማዬ፣ ስለ ትምህርት አንቺ ምን አገባሽ? የሚያውቀው ሰው ሥራውን ይሥራበት።»

በሩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ፌንጣ መዝለል ተወች። የሹራቧን እጅጌ ታኝካለች። አስጠኚው በሚመጣበት ቀን ሆዴን ትላለች። ምን ሆነሻል ስላት፣ ምንም። አንድ ከሰዓት በኋላ ፀጉሯን እያበጠርኩ ንገሪኝ ብዬ ያዝኳት።

«ልነግርሽ አልችልም» አለች።

«ምነው?»

«አንቺ እኮ ሥዕሉ ላይ የለሽም።»

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ። ለካ ልጅቷ የተባለችውን አክባሪ ናት። ለእነዚህ ንገሪ ተብላለች፤ እነሱን ትጠብቃለች። እናቷ ስትገባ እሷ ተኝታለች። አባቷ ጥሏቸው ከሄደ ቆይቷል። የክፍሏ አስተማሪ ወልዳ ቤቷ ናት። ሐኪም መርፌ ነው፣ ፖሊስ ደግሞ ያስፈራታል። እኔ ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ፣ እሷ ከግድግዳው ሰዎች አንዱ እስኪገኝላት ዋጥ አድርጋ ያዘችው።

«ሥዕሉን የሣለው ሰው አያውቀኝም» አልኳት። «አንቺ ግን ታውቂኛለሽ። ታምኚኛለሽ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አለሁበት።»

ነገረችኝ። በጠረጴዛው ሥር እጁን ጭኗ ላይ ያደርጋል። መዳፏን ዘርግታ እምቢ ስትለው ሳቀባት። ምስጢራችን ነው፣ እናትሽ ብትሰማ ታዝናለች አላት። ደሜ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ፤ ፊቴን ግን አላጠቆርኩባትም። «ጥፋቱ የሱ ነው፤ ያንቺ ምንም የለበትም። መንገርሽ ጎበዝ ያሰኝሻል» አልኳት። ሻሼን አጥብቄ አሰርኩና፣ እጇን ልያዝ ብዬ ጠይቄ፣ ይዣት ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣሁ።

ርዕሰ መምህሯ በልስላሴ ተቀበለችኝ። የመጣሁበትን ስነግራት ግን እስክሪብቶዋን ታሽከረክር ጀመር።

«እማማ፣ ነገሩ ከባድ ነው። ወላጇ ብትመጣ ይሻላል።»

«ወላጇን የወለድኩት እኔ ነኝ።»

«እሱ እኮ ስሙ የተመሰገነ መምህር ነው። ልጆች ደግሞ አንዳንዴ…»

«ልጄ፣ ያ ሥዕል የተሰቀለው የግድግዳሽን ስንጥቅ ለመሸፈን ነው? ልጅ ንገሪ ተብላ ስትናገር የሚሰማት ከሌለ ገንጥዪው። እኔ ከዚህ ወንበር አልነሳም። ከፈለግሽ ከነወንበሩ አውጪኝ።»

ከዚያ፣ ሐሰት አልናገርም፣ እስክሪብቶውን ጥላ ተነሳች፤ ፌንጣ ፊት ምንጣፉ ላይ በጉልበቷ ቁጭ ብላ፣ «ንገሪኝ፣ እሰማሻለሁ» አለቻት። ፌንጣ መጀመሪያ እኔን አየች። አለሁ አልኳት። ምንም ሳታስቀር ተናገረች። ርዕሰ መምህሯ ተነስታ ፖሊስ ጋ ደወለች፤ ፋብሪካም ደወለች።

ልጄ ቀሚሷ ላይ ክር እንደተንጠለጠለ ሮጣ ደረሰች። ያ የወላጆች ስብሰባ ከንቱ አልቀረም፤ ልጇ ላይ አልተጠመጠመችም፤ «ልቀፍሽ?» አለቻት። ፌንጣ ዘላ አንገቷ ላይ ወጣች። ከዚያ ልጄ በትከሻዋ በኩል ዓይኔን ፈልጋ፣ «እማዬ፣ በሩን» አለች።

«ከእንግዲህ ይከፈታል» አልኳት።

አስጠኚው ከክፍል ተጠርቶ በሁለት ፖሊሶች መሐል ሲያልፍ፣ «ይህን ሁሉ የፈጠረችው ይቺ መሃይም አሮጊት ናት» ብሎ ጣቱን ቀሰረብኝ። ይቀስር። እሱ በሄደ በሳምንቱ ከሚያስተምራቸው ልጆች ሌሎችም አፋቸውን ፈቱ፤ እናቶቻቸው ቤቴ ድረስ እየመጡ ጉንጬን ሳሙኝ። አንዳቸውም ፈቃድ አልጠየቁኝም፤ ይሁን። ዳኛው ፈርዶበታል። የተዘጋ በር ይወድ አልነበር? አሁን ከውጭ ይዘጋለታል።

ፌንጣ ወደ ዝላይዋ ተመልሳለች፤ ጎረቤቱ ጣሪያው ተነቃነቀ ብሎ ያማርራል። ትምህርት ቤቱም ሥዕሉን በግቢው ግድግዳ ላይ በቀለም አስፍቶ ሊያሠራው ሠዓሊ ቀጠረ። ርዕሰ መምህሯ ራሷ፣ «እማማ፣ እርስዎ ሳያዩት አይሆንም» ብላ አስጠራችኝ፤ ወንበርም አወጣችልኝ። ሠዓሊው መሰላሉ ላይ ሆኖ እናትን፣ አባትን፣ አስተማሪን፣ ፖሊስንና ሐኪምን ደርድሯል።

«አያቷስ?» አልኩት።

«እማማ፣ ቦታ አልቋል።»

«ሐኪሙን ገፋ አድርገውና እኔን ሣል። እንዳታሳምረኝ፤ የጎደለው ጥርሴ ይጉደል፣ ፌንጣ ስታልፍ እንድታውቀኝ። ከፖሊሱም እንዳታሳንሰኝ። ከኋላዬ ደግሞ በር አድርግልኝ፤ ወለል ብሎ የተከፈተ። በል፣ ብሩሽህን አንሳ፤ እኔ እዚሁ ቁጭ ብያለሁ።»