ከአጎቴ ጀርባ የወጣው ክር

የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴ ይቆለፍ። እርግጥ ሰፈር ውስጥ «ቀዳጁ» ነው የሚሉኝ፤ ስምንተኛ ክፍልንም ከመጠን በላይ ወድጄው እዚያው ቀርቻለሁ። ይሄኛውን ግን በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።

ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በዊልቸር መግፋት ነው። አንድ ቀን የምገፋው ሰው አጎቴ ሆኖ አረፈው። አጎቴ አትክልተኛ ነው፤ ወንዝ ዳር ሰላጣ ይተክላል። ቅጠሉን ነቀል፣ ሱሪው ላይ ጠረግ አድርጎ እዚያው ያኝካል። «ውሃ ጣዕሙን ይወስደዋል» ባይ ነው። ራሱን እየጠዘጠዘው፣ አንገቱ እንደ ግንድ ደርቆ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ እየታየው መጣ።

«ሁለት ሆነህ መጣህ?» አለኝ ገና ሲያየኝ። «አንድህንስ መቼ ቻልንህ!»

ዋና ሐኪሙ «የአንጎል ቲቢ ነው» ብለው መድኃኒት አዘዙ። አጎቴ ዋጠ፣ ዋጠ፤ ባሰበት። ከእሱ በፊት ከዚያው ከወንዙ ዳር እንደዚሁ ሆነው የመጡ ሁለት አትክልተኞች ሞተዋል። በመጨረሻ ዋና ሐኪሙ «ከቤተሰቡ መሃል ይሁን፤ ነገ ጠዋት ይውጣ» አሉ። ሲተረጎም፣ ቤቱ ሄዶ ይሙት ነው።

አንዲት ቀጭን ሐኪም ግን አለች፤ አንዴ ከገባች ስለማትነቀል «ምስማር» ያልኳት እኔ ነኝ።

«ዶክተር፣ ከጀርባው የቀዳነው ፈሳሽ የቲቢ አይመስልም» አለቻቸው። «እንዲህ ዓይነቱ ነጭ የደም ሴል የሚበዛው ሰውነት ከትል ጋር ሲጣላ ነው።»

«የጭንቅላቱ ፎቶ ላይ ትል የለም። አለ ካልሽ አሳዪኝ።»

«አሳይዎታለሁ።»

«ነገ ጠዋት ይወጣል።»

«ከመውጣቱ በፊት ነዋ!»

አዲስ ፈሳሽ ቀድታ ብልቃጡን ራሷ ወደ ላቦራቶሪ ወሰደችው፤ እኔም ተከተልኳት። የላቦራቶሪውን ሰው «ሳሙና» ነው የምንለው። ሰው ከመጨበጡ በፊት ይታጠባል፤ ከጨበጠ በኋላም ይታጠባል። ብልቃጡን ብርሃን ላይ ከፍ አደረገና በመርፌ ጫፍ የሆነች ነገር ለቅሞ፣ አልኮል በነካው ጥጥ ጠርጎ ጣላት።

«ቆይ! ምንድን ነው የጣልከው?»

«የፋሻ ክር ነው ዶክተር። ሁሌ እለቅመዋለሁ። እኔ ቆሻሻ ይዤ ማይክሮስኮፕ ፊት አልቀርብም።»

«ሁሌ?»

«ከአትክልተኞቹ ላይማ አይጠፋም። ፋሻችሁ ጥራት የለውም።»

ምስማር ፊቷ ልውጥ አለ። «ፋሻው ለበሽተኛ ሁሉ አንድ ነው። ክሩ የአትክልተኞች ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?»

ሳሙና ወደ ቆሻሻ መጣያው ሮጠ። ጥጡን ፈለጉ፣ ዘረጉ፤ የተገኘው ድቅቅ ያለ ነገር ነው። ትል ይሁን ክር አይለይም።

በማግስቱ ጠዋት ዋና ሐኪሙ እኔ ላይ ጮሁ። «በሽተኛው ለምን አልወጣም?»

«የዊልቸሩ የፊት ጎማ ወልቋል።»

«ሌላ ዊልቸር አምጣ!»

«የእሱም ወልቋል።»

ኪሴ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ሞልቷል።

በዚያች ፋታ ምስማር አጎቴ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። «አባባ፣ ጀርባዎን እንደገና ልወጋዎት ነው። ላላገኘውም እችላለሁ።»

«ልጄ፣ ጀርባዬማ ወንፊት ሆኗል» አለ። «ዝም ብዬ ከምሞት ውጊው። ብቻ ሁለታችሁም ባንዴ እንዳትወጉኝ።»

ብልቃጡን በመዳፏ አቅፋ ወሰደችው። ማንንም አላስነካችም። ክሩን መስታወት ላይ አስተኝታ አየች፤ ቆይታ አየች። ምንም የለም።

«ክር ነው አላልኩም?» አለ ሳሙና በቀጭን ድምፅ።

«ዝም በል!»

ከዚያ ማጉያውን አስተካክላ እንደገና አየች። «የፋሻ ክር አይዋኝም» አለችና ከወንበሩ ተነሣችልን። ሳሙና አየ፤ በዚያን ቀን እጁን ሳይታጠብ ወጣ። እኔም አየሁ፦ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው የሚንጠራራ ትል።

ዋና ሐኪሙ መነጽራቸውን ወልውለው እንደገና አዩ። «የቲቢውን መድኃኒት አቁሙ» ብቻ አሉ።

ምስማር ግን አልበቃትም። ቦት ጫማ አድርጋ ወንዙ ዳር ወረደች፤ ከሰላጣው ሥር ቀንድ አውጣ በባልዲ ለቅማ መጣች። ስትሰነጥቃቸው ያው ትል እንደ ፍርፋሪ ሞልቶባቸዋል። የትሉ ቤት አይጥ ነው፤ ቀንድ አውጣ ከአይጥ ኩስ ያገኘዋል። የምስር ፍሬ የምታህል ቀንድ አውጣ ከቅጠል ጋር የዋጠ ሰው፣ ትሉ መንገድ ይጠፋውና ጭንቅላቱ ላይ ይወጣበታል። አትክልተኞቹን ሁሉ ሰብስባ ቅጠል አስጠበቻቸው፤ እምቢ ላለው ማይክሮስኮፑን ታሳየዋለች።

ለአጎቴ የአንጎል እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ሰጠችው፤ ግፊቱ እንዲቀልለትም ፈሳሹን ደጋግማ ቀዳችለት። ትሉም በባዕድ ቤት ብዙ አይኖርምና እዚያው ሞተ። አጎቴ ቀስ በቀስ ቀና አለ። ዋና ሐኪሙም አልጋው ድረስ መጥተው «አባባ፣ ተሳስቼ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ» አሉት።

«ግድ የለም» አለ አጎቴ። «ሁለታችሁንም ይቅር ብያለሁ።»

ይኸው ነው። ከላይ እስከ ታች እውነት ነው፤ ይቅርታዋን ብቻ እኔ ነኝ የጨመርኳት። ሰውየው በአልጋው በኩል አልፈው ሄዱ። አጎቴ ግን መልሱን አዘጋጅቶ ጠብቆ ነበርና፣ ባክኖበት እንዳይቀር ብዬ ነው።