ነፋስ ያበጠረው አሸዋ

"ዳግም፣ ውጣ! አሁኑኑ ውጣ!"

ዘሥላሴ የጉድጓዱ አፋፍ ላይ በደረቱ ተኝቶ ነው የሚጮኸው። ታናሽ ወንድሙ ከታች ድንጋይ ከሰል ይፈነቅላል፤ ከራሱ በላይ ካለው ግድግዳ አሸዋ ድምፅ ሳያሰማ ይንሸራተታል።

"ለዚህች ለትንሽ አሸዋ! ገልባጩ መኪና ዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል እኮ!"

"ውጣ አልኩህ!"

ዳግም እያጉረመረመ በመሰላሉ ወጣ። ከጥርሱ በቀር ሁለመናው ከሰል ነው።

ከደብረ ብርሃን የመጣችው የማዕድን ባለሙያ መስከረም አሸዋውን ዘግና አሳየቻቸው። "ጠጠር የለው፣ ጭቃ የለው። ጎርፍ ቢሆን ሁሉንም ቀላቅሎ ያመጣው ነበር። ይሄን ጥንት ነፋስ ነው እዚህ የከመረው።"

የልጆቹ እናት እማማ በሰለች ቆንጠር አድርገው አሹት። "ነፋስማ ያበጥራል። አውድማ ላይ ያለ ምርት በይው። ከሥር ሲዝቁት ከላይ ይናዳል እንጂ ይቆማል እንዴ?"

"አይቆምም፣ እማማ። ከላይ ጀምሮ በደረጃ በደረጃ መቆረጥ ነበረበት።"

ዘሥላሴ አንገቱን ደፋ። ከላይማ የእናቱ ገብስ አለ። "ገብሷን አልነካም፣ ከሥር እንቦረቡራለን" ያለው እሱ ራሱ ነው። አሁን የገብሱ ሥር ከግድግዳው ወጥቶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

"ገብሱን አሁኑኑ አጭደን ግድግዳውን ከላይ እንቁረጠው" አለ ዳግም። "ብናቆም ገዢው ሌሎች ጋ ይሄዳል።"

"ገብሱ ለመድረስ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል" አሉ እናቱ።

"ገብስ እንገዛልሻለን፣ እማዬ!"

"የምበላውን ትገዛልኛለህ። የአባትህን ዘር ከየትኛው ገበያ ታመጣልኛለህ? ያለኝን ሁሉ እዚህ ነው የዘራሁት።"

መስከረም ደብተሯን ከፍታ መጻፍ ጀመረች።

ዘሥላሴ ስልኩን አውጥቶ ለሾፌሩ ደወለ። "ወንድሜ፣ እንዳትመጣ። አዎ፣ ዛሬም፣ በሚቀጥለው ሳምንትም። ገብስ እስክናጭድ ነው... ሳቅ እንግዲህ።"

"አበድክ?" አለ ዳግም። "እሺ አንተ ቁም። እኔ ብቻዬን እቆፍራለሁ!"

ዘሥላሴ ወደ አፋፉ ሄደና መሰላሉን ጎትቶ አወጣው፤ አሸዋውን አራገፈለትና ተሸክሞት ወደ ቤት መንገድ ጀመረ።